ጣት የማያስገባው ሳይክል

በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሁሉ ሱሪው ሲጠበው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ የራሴ ሲጠበኝ የማማርርለት ሰው ስለሌለኝ ጨርቁን እሰድባለሁ። «ይሄ የዘንድሮ ጨርቅ ሲታጠብ ይኮማተራል» እላለሁ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ይገባል፣ ደንበኛ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ።

መኪና መንዳት አልችልም። በትክክል ለመናገር፣ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ግን የለኝም። የከለከሉኝም ሌላ ሰው ሳይሆኑ የገዛ አማቴ ናቸው፣ የሚስቴ አባት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። በእሳቸው እጅ ያለፈ ሰው ከተማው ውስጥ በጣት ይቆጠራል፤ ከወደቁት ግን አንድ ክፍለ ጦር ይወጣል፣ እግረኛ ክፍለ ጦር። እኔም ደጋግሜ ተፈትኜ ደጋግሜ ወደቅሁ። ልጃቸውን ሲድሩልኝ አላቅማሙም፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን ድርቅ አሉ። «ምነው አባባ፣ ልጅዎን አምነው ሰጥተውኝ?» ስላቸው፣ «ልጄ የኔ ናት፤ መንገዱ ግን የሕዝብ ነው» አሉኝ።

አማቴ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ሆነ። ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለ ማገገሚያ ቤት ገቡ። ሐኪሙ «አጥንቱ ድኗል፤ የቀረው መራመድ ነው» አለ። ያቺ የቀረችው ነገር ናት ሁላችንንም ያመሰችን። የማገገሚያ ቤቱ ኃላፊ ሲስተር፣ ይዘው የሚራመዱበት ባለ አራት እግር የብረት ድጋፍ ስታመጣላቸው፣ አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይሄ የልብስ ማድረቂያ ነው። ልብስ ስታጥቡ አውጡት» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ለሐኪም አይነሱም፣ ለነርስ አይነሱም። የሚነሱት ከቤተሰቡ ሰው ሲመጣና ሲጨቀጭቃቸው ብቻ ነው።

የቤተሰብ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር። እሱ የሚኖረው አንድ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ሩቅ ከተማ ቢሆንም፣ ሁለት ሰው ካየ ስብሰባ ስለሚከፍት ሊቀመንበሩ እንለዋለን። ሶፋችን ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ውሳኔውን አሰማ።

«አባባ ክረምቱ ሲያልቅ የዚህን ቤት ደረጃ በእግራቸው መውጣት ከቻሉ እዚሁ ይቆያሉ። ካልቻሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። የኔ ቤት አሳንሰር አለው።»

አማቴ ይሄን ሲሰሙ ያሉትን ባለቤቴ ነገረችን፦ «እዚያ ማን አለኝ? ከአሳንሰሩ ጋር ዳማ ልጫወት?» በሳቅ ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ተነስታ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት እዚህ ነው። በየማዕዘኑ እሳቸው በፈተና የጣሉት ሰው አለ፣ በየማዕዘኑ ቆሞ ሰላም የሚላቸው። ከዚህ ነቅሎ መውሰድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ታዲያ ማን በየማታው ሄዶ ያራምዳቸው? ባለቤቴ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፣ ከሰዓት እስከ ምሽት። አውቶቡሱ ክረምት ከገባ ዳገቱ ስለሚናድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን በእግር ልሂድ ያለ ሰው፣ ሱቅ ዘግቶ እዚያ እስኪደርስ የጠያቂ ሰዓት ያልፍበታል። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣ ምላሴ አያስችለውም።

«እኔ አለሁ! በሳይክል!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ሆዴን አየው። ባለቤቴ ፊቴን አየችኝ። እኔ ራሴ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር አልኩ።

በማግስቱ ካፌ ውስጥ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንደኛው ስኒውን አስቀመጠና «ሳይክሉስ ተጠይቋል?» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ወሬ አልነበረም።

የሳይክል ሱቁን የያዙት፣ ሁሉም ሰው እትዬ ብሎን የሚላቸው ሴትዮ ናቸው። ብሎን የማይታይበት የልብስ ኪስ የላቸውም፤ ሲስቁ እንኳ ኪሳቸው ይንኳኳል።

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

«ለክረምት። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ለመውጣት።»

«መንገዱ አስፋልት ነው?»

«አስፋልት ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ከጓዳ አንድ ሳይክል እየገፉ አወጡ። መሪው እንደ ውድድር ሳይክል፣ እንደ ኮርሳ፣ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን ከኮርሳ ጋር የሚያዛምደው የለም። ቀለሙ ያደረ ሻይ፣ ቴላዮው፣ አጥንቱ ማለት ነው፣ የውሃ ቧንቧ፣ ጎማው የጠገበ ዘንዶ። ከፊትም ከኋላም ረጅም ፓራፋንጎ አለው፤ ጭቃ እንዳይረጭ። በጎማውና በቴላዮው መካከል እጅ ይገባል፣ ከነ ጓንቱ። ፍሬኑ እንደ መኪና ዲስክ ነው። እንደ ጎሽ ቆሞ አየኝ፤ አልተግባባንም።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀዩ ኮርሳ ዓይኔ ውስጥ የገባው። ወገቡ! አቤት ወገቡ! ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቅድ አውቃለሁ። አንዲት ትርፍ መስመር የለበትም። ጎማው ከቴላዮው ጋር እንደ ጓንትና እጅ ገጥሟል። እትዬ ብሎን ጣታቸውን በጎማውና በቴላዮው መካከል ሊያስገቡ ሞክረው አሳዩኝ።

«ጣት አያስገባም» አሉ።

«እሱ እኮ ነው ልክ ማለት! ያማረ ኮት ጣት አያስገባም።»

«ፓራፋንጎም አይቀበልም።»

«ምን ያደርግለታል?»

«ጭቃስ?»

«ጣት ያልገባበት ጭቃ በየት በኩል ይገባል?»

«መግባቱንስ ይገባል፤ አይወጣም እንጂ» አሉና ኪሳቸውን እያንኳኩ ሳቁብኝ። እኔ ግን ልቤ ሸፍቷል። ቀዩን ይዤ ወጣሁ።

ሱቄ ወስጄ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት፤ የሰርከስ ፈረስ መስሎ። ቀኑ ገና የበጋ ማለቂያ ነበርና ይሞቃል። በካናቴራና በቁምጣ ሆኜ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ኖራዬን ይዤ ልኬን ወሰድኩ። ከኮርቻው እስከ ፔዳል፣ ከኮርቻው እስከ መሪ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ እግሬን አጥፌ፣ ሁሉንም በሜትር። አንድ ኮቱን ሊለካ የመጣ የባንክ ዘበኛ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

«ፍሬኑን አይተኸዋል ወይ ጋሼ?» አለ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ቁመናው» አልኩት።

ከመስታወቱ ፊት ወጣሁበት። እውነቱን ልናገር፣ አማርኩ። ሆዴ እንኳ ወደ ፊት ዘንበል ስል የነፋስ መከላከያ መሰለኝ። ይሄ አልበቃ ብሎኝ ከሳይክሉ ጋር የሚመሳሰል ቀይ የመንጃ ልብስ ሰፋሁ፤ ጠባብ፣ ባለ ነጭ ጥለት። ባለቤቴ ለብሼው ስታየኝ «ቲማቲም ክር ታስሮበት» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የመጀመሪያዎቹ ማታዎች ደረቅ ነበሩ፤ እኔም ንጉሥ ነበርኩ። ድልድዩን ስሻገር ወንዙ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ዳገቱ ላይ ሳንባዬ በጆሮዬ ሊወጣ ይደርሳል እንጂ እደርሳለሁ። አማቴ አልጋቸው መስኮት ሥር ስለሆነ፣ በሩን ሳልገባ ፈተናው ይጀምራል።

«ስትታጠፍ እጅህን አላሳየህም።»

«ለማን ላሳይ አባባ? መንገዱ ላይ የነበረው አንድ ውሻ ብቻ ነው።»

«ውሻው ሰብአዊ መብት የለውም?»

«ለውሻው ነገ አሳየዋለሁ። አሁን ይነሱ።»

«ዛሬ አሞኛል።»

«ትናንትም እንዲህ ነበር ያሉኝ። ይነሱ እንጂ አባባ፣ ሊቀመንበሩ አሳንሰሩን እያስጠረገልዎት ነው።»

ይቺ ቃል እንደ መርፌ ትወጋቸዋለች። ይነሳሉ። ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው፣ እኔ የኋሊት እየሄድኩ፣ እሳቸው አረማመዴን እያረሙ፣ ከአልጋ እስከ በር እንደርሳለን። በሳምንቱ መጨረሻ በሩን አልፈን ኮሪደር ገባን። ሲስተር እንኳ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን እንደ መድኃኒት በጠብታ ነው የምትሰጠው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ዝናብ ስል ጠብ ጠብ የሚል እንዳይመስላችሁ። ሰማዩ በባልዲ ሳይሆን በበርሜል ነበር የሚገለብጠው። ድልድዩን እንዳለፍኩ መንገዱ ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀዩ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ጎተት አለ፤ ከዚያ ቆመ። ወርጄ ሳየው፣ ጣት ያልገባበት ቦታ የግማሽ ማሳ አፈር ገብቶበታል። ጎማውና ቴላዮው ተጣብቀው አንድ አካል ሆነዋል። ልብስ ሰፊ ነኝና ኪሴ ውስጥ የነበረውን መቀስ አወጣሁ። ጭቃ በመቀስ ስቆርጥ ያለፈ ሰው ቢኖር ምን እንዳለ አላውቅም። ፋቅሁት፤ ተሳፈርኩ፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ተሸከምኩት። ጠዋት እኔን ይሸከማል ብዬ የኮራሁበትን ሳይክል ማታ እኔ ተሸክሜው ዳገት ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልቁለት ግን «ተራዬ ነው» ብዬ ተሳፈርኩበት። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ እንደ ድመት ጮኸ እንጂ አልያዘም፤ ፍሬኑ የሚነክሰው የብረት ቀለበት፣ ቸርኬው፣ ውሃ ጠጥቷል። ያስቆመኝ የሲስተር የጽጌረዳ አጥር ነው።

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ዞር እንድል በጣቷ አዘዘችኝ። ዞርኩ። ከቂጤ እስከ ማጅራቴ፣ የኋላው ጎማ የረጨው የጭቃ መስመር ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር ሰፍቼ አላውቅም።

«ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው» አለችኝ። «ሕሙማን ያሉበት ቤት ነው። እንዲህ ሆነው አይገቡም።»

በመስኮት በኩል አማቴን አየኋቸው። ልብሳቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲጠብቁኝ ነው የቆዩት። እጄን አወዛወዝኩ። እሳቸውም ልብሴን ሳይሆን ሁኔታዬን አዩና ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

በማግስቱም እንደዚሁ። ከማግስቱም ማግስት። አንድ ቀን ልብስ ቀያሪ ይዤ ሄድኩ፤ እሱም ከላዬ ካለው ብሶ ረጥቦ ደረሰ። አንድ ቀን የጠያቂ ሰዓት አልፎ ደረስኩ። ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ከአልጋ አልወረዱም» አለችኝ። ጽጌረዳዋን እንኳ አላነሳችብኝም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ማታውን ሊቀመንበሩ ደወለ። «ሻንጣ ልግዛላቸው እንዴ?» አለ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አባቱ ናቸው፣ ጭንቅ ይዞታል። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ አየችኝ። ሳይክሉን የመረጥኩት ለቁመናዬ መሆኑን ታውቃለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዩን ተሸክሜ ወደ እትዬ ብሎን ሄድኩ። ሲያዩኝ ኪሳቸው በሳቅ ተንኳኳ። ከዚያ ፊቴን አይተው ተዉት።

«ስትለካው ምን ለብሰህ ነበር?»

«ካናቴራ።»

«በክረምት በካናቴራ ነው የምትነዳው?»

ሱሪ ሊያስለካ የመጣውን ሰው ሁሉ «የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይምጡ፤ ከሥር የሚለብሱትን ለብሰው ይምጡ» ብዬ ከደጅ የምመልስ እኔ ነኝ። አንዱን ሚኒስትር መሳይ ሰውዬ በነጠላ ጫማ ቢመጣ «ነገ ይመለሱ» ብዬዋለሁ። ለስፌት ትርፍ ያልተወለት ልብስ ሲያጋጥመኝ የሰፋውን ሰው ረግሜያለሁ። እና እኔው ራሴ፣ በጠራራ ፀሐይ በቁምጣ ተለክቼ፣ አንዲት ጣት ትርፍ የሌለውን ሳይክል ክረምት ውስጥ ይዤ ገባሁ። ይሄን ስህተት ሌላ ሰው ቢሠራው አይገርመኝም። ልብስ ሰፊ ሆኖ መሥራት ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል።

«ሂድና ክረምት የምትለብሰውን ሁሉ ለብሰህ ተመለስ» አሉኝ።

ተመለስኩ። ወፍራም ሱሪ፣ ሹራብ፣ ከላዩ ሌላ ሹራብ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት። በሩ አላስገባ ብሎኝ በጎን ገባሁ። እትዬ ብሎን ቀዩን ተቀብለው ያንን ጎሹን ሰጡኝ፤ አልተከራከርኩም። ካፖርቱ አላስጎነብስ ስላለኝ መሪውን ከፍ አደረጉና ወደ እኔ አስጠጉት። «ካፖርቱ ነው» አልኳቸው። «አዎ፣ ካፖርቱ ነው» አሉ፤ ሆዴን እያዩ። የፍሬኑን እጀታ ከነጓንቴ አስያዙኝና እስኪመቸኝ አቀረቡት። ከጎማው ላይ ትንሽ ነፋስ አስተነፈሱለት። «እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ እርጥብ መንገድ አይዝም። ትንሽ ሲለሰልስ ነው የሚቆነጥጠው።» ሰንሰለቱን ወፈር ያለ ዘይት ቀቡት፤ ማታ ማታ ደህና አድርጌ እንድጠርገው አስማሉኝ። ከፊት ነጭ መብራት፣ ከኋላ ቀይ።

የቀረችው አንዲት ነገር የእኔ ሆነች። ፓራፋንጎው ከታች ትንሽ ያጥራልና ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል ምላስ ያስፈልገዋል። ከወፍራም ላስቲክ ጨርቅ ቆርጬ በድርብ ስፌት ሰፋሁለት። እትዬ ብሎን ስፌቱን ገልብጠው አዩትና «ይሄስ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ጎሹ ክፉ የሚናገር ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ።

ጎሹ አይሮጥም። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቀንድ አውጣ ቀድሞኛል ብል ካፌው አላመነኝም፤ እኔና እሱ ግን ሰላም ተባብለናል። ቢሆንም ይሄዳል። ጭቃው በዚያ ሰፊ ክፍተት ገብቶ፣ ዞሮ፣ ጎብኝቶ ይወጣል። ፍሬን ስይዝ ይቆማል። ሲስተር በሩ ላይ እንደ ሱቅ አሻንጉሊት አዙራ አየችኝ፤ ጀርባዬ ንጹሕ ነው።

«ይግቡ» አለች።

አማቴ ግን ፊታቸውን ግድግዳ ላይ እንደተከሉ ነው። በእነዚያ ባልገባሁባቸው ቀናት የተራመዱት ሁሉ ፈርሷል። «ይነሱ አባባ» ብል ዝም። በአሳንሰሩ ባስፈራራ ዝም። ጨንቆኝ ወሬ ጀመርኩ። ስለ አዲሱ ሳይክል ነገርኳቸው፦ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ መብራቱ።

«የኋላው መብራት ምን ያህል ይታያል?» አሉ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

«ከሩቅ ይታያል።»

«ከሩቅ ማለት መልስ አይደለም። አምጣው ልየው።»

«ክፍል ውስጥ አይገባማ። በረንዳው ላይ ነው ያለው።»

አንገታቸውን ከግድግዳው አዞሩ። «ታዲያ ምን ትገተራለህ፣ ደግፈኝ!»

በረንዳው ረጅምና ጣሪያ ያለው ነው። ጎሹ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። አማቴ ከትከሻዬ ላይ አንድ እጃቸውን አንስተው ፍሬኑን ጨበጡ፤ ሌላውን አንስተው ኮርቻውን ያዙ። መብራቱን አጠፉ፣ አበሩ። ከዚያ «ሲንቀሳቀስ ካላየሁት ፍሬኑን እንዴት አውቃለሁ?» አሉና ገፉት። አንድ ርምጃ። ፍሬን። ሌላ ርምጃ። ፍሬን። ያ ከባድ ጎሽ ከጎናቸው ሆኖ፣ አንዲት ጋት ሳይናወጥ፣ እንደ ታማኝ በቅሎ አብሯቸው ሄደ። እጄን ዘርግቼ ከኋላ ተከተልኩ። እስከ በረንዳው ጫፍ ደረሱ።

ሲስተር ያን የብረት ድጋፍ ይዛ ስትሮጥ መጣች።

«አባባ! ይሄን ይያዙ እንጂ፣ ይወድቃሉ!»

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሏት። «ምርመራ ላይ ነኝ። ልብስሽን ሌላ ቦታ አስጪ።»

ሲስተር ሳይክሉን አየች፣ የአማቴን እግር አየች፣ እንደገና ሳይክሉን አየች። «ጎማው ተጠርጎ ነው የሚገባው» አለች በመጨረሻ። የጨርቅ ቁራጭ ከሱቄ ስንት ጆንያ እንደወሰድኩ አልነግራችሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ኮርቻው ለእኔ ልክ ነው፤ ለአማቴ ግን ከፍ ይላል። ትከሻቸው ወደ ላይ ይሰቀልና ቶሎ ይደክማቸዋል። ስለዚህ ስደርስ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ስመለስ ከፍ አደርገዋለሁ፤ መሪውንም እንደዚሁ። በዝናብ፣ በቀዘቀዘ ጣት። አንድ ቀን ብሎኑ ጥርሱ አለቀና እጄ ላይ ቀረ። እትዬ ብሎን ሌላ አስገቡና መፍቻውን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑብኝ።

«ብሎን እንደ አዝራር ጠዋት ማታ አይፈታም። አንዱን ምረጥ። የማን ልክ ነው?»

ካፌ ውስጥ እንደ ጀግና ብተርከው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደዚያ አልነበረም። ያን ዳገት በልኬ ባልሆነ ሳይክል መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው ጉልበቴ ቀድሞኝ አለቀሰ። ጎሹ ላይ ገና መቀመጥ የለመድኩት በዚያ ሰሞን ነበር። ደግሞ ልክ ያልሆነ ነገር ለብሶ በአደባባይ መታየት ለልብስ ሰፊ ኪሳራ ነው። ግን በረንዳው ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ ያየሁት ፊታቸው ትዝ አለኝ፤ አንድን ሰው ፈትነው የጣሉ ዕለት የሚሆኑትን ሆነው ነበር።

«የሽማግሌው» አልኩ።

እትዬ ብሎን አጠበቁት፤ እስከ መጨረሻ።

ያን ክረምት ከተማው ያየውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ኮርቻው ታች፣ እኔ ኮርቻው ላይ፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ሥር። ፔዳል በመታሁ ቁጥር ጉልበቴ ሆዴን ይገፋል፣ ሆዴ ትንፋሼን ይገፋል፣ ትንፋሼ «እህ» ብሎ ይወጣል። ከሩቅ ሲሰሙኝ የውሃ ፓምፕ እመስላለሁ ይላሉ። ካፌው ፊት ሳልፍ ጓደኞቼ ብድግ ብለው በጭብጨባ ይሸኙኛል፤ «ዝለል እንቁራሪቱ!» እያሉ። እኔም በክብር እጄን አነሳላቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለዚህ ክብር ስል ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ። ማታ ባለቤቴ ጉልበቴን በቅባት ስታሸኝ «ትንሽ ከፍ ብታደርገው?» ትላለች። «ብሎኑ ጠብቋል» እላታለሁ።

አማቴ ግን ሄዱ። በረንዳውን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ግቢውን ዙሪያ። ሲሄዱ አያርፉም። «ጎማህ ነፋስ አንሶታል።» «ሰንሰለትህ ይጮኻል።» «ይሄን ምላስ ማን ሰፋልህ? ጥሩ ነው።» ከመንጃ ፈቃድ በቀር ሁሉን ሰጡኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ሊቀመንበሩ መጣ፣ በመኪናው፣ አዲስ ትልቅ ሻንጣ ይዞ። አማቴን ከነ ጎሹ ጭነን ወደ ቤት ሄድን። ሕንፃው በር ላይ ሊቀመንበሩ ደረጃውን ወደ ላይ ተመለከተ፤ አባቱን ተመለከተ።

«አባባ፣ ደረጃ ላይ ሳይክል አይገፋም እኮ» አለ፤ በርኅራኄ።

እውነቱን ነው። ያን ክረምት ሙሉ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ነበርን፤ ይሄን ያሰበ ሰው የለም፣ ከሁሉ በፊት እኔ። አማቴ የደረጃውን ብረት በቀኝ እጃቸው ያዙ። ግራ እጃቸው ባዶውን አየር ዳበሰ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። ጎሹን አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩትና ከፊታቸው ሁለት ደረጃ ወጥቼ ቆምኩ፤ ኮርቻው ከጀርባዬ፣ ልክ እጃቸው ጋ ሆነ። ያዙት።

«በዝግታ» አሉ።

ወጣን። እኔ የሳይክል ተሸካሚ፣ እሳቸው ከኋላዬ፣ ሊቀመንበሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላቸው። አንደኛው ፎቅ። የጎሹን ክብደት እትዬ ብሎን ሲነግሩኝ ቀለል አድርገውልኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ኮርቻውን ወደ ኋላ ሲጎትቱት ተሰማኝ። ቆምኩ።

«ይበቃል አባባ» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ የሊቀመንበር አልነበረም፣ የልጅ ነበር። «ማንም አያስገድድዎትም። እኔ ጋ ደህና ይሆናሉ።»

አማቴ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጀርባዬን በጣታቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«ማነው ቁም ያለህ?»

ሄድን። አንድ ደረጃ፣ ትንፋሽ፣ አንድ ደረጃ። ዓይኔ ውስጥ ላብ ገብቶ አላይም፤ በእግሬ እየዳበስኩ ነው የምወጣው። ከላይ የባለቤቴ «ወይኔ አባቴ! ወይኔ አባቴ!» ሲሰማኝ መድረሳችንን አወቅሁ። በጎኔ አልፋ አቀፈቻቸው። ሊቀመንበሩ ባዶውን ሻንጣ መኪናው ውስጥ ትቶት እንደመጣ ያየሁት ያኔ ነው። አባቱን ደግፎ ገባ፣ እሷም ገባች፤ ሁሉም አንድ ላይ ያለቅሳሉ፣ አንድ ላይ ይስቃሉ፣ አንዱ ወንበር ይጎትታል። በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

እኔ ደረጃው ጫፍ ላይ ነኝ፤ ጎሹ ትከሻዬ ላይ። ማውረጃ ቦታ የለም፤ ሁለት እጄ ተይዟል። ደወሉን በግንባሬ መጫን እችል ነበር። ግን ከውስጥ አማቴ ወንበራቸው ወደ መስኮቱ እንዲዞር ሲያዝዙ፣ ሊቀመንበሩም «እሺ አባባ፣ እሺ» ሲል ይሰማኛል። ይሄን ማቋረጥ አልፈለግሁም።

ከዚያ ጎሹ ከበደኝና ደወሉን በግንባሬ ተጫንኩት።